ዋጋ ያልተቆረጠለት ደጅ

በረዶ ሲጥል ሰው ሁሉ መስኮት ከፍቶ ያያል፣ ፎቶ ያነሳል። እኔ መጋረጃውን እዘጋለሁ። ባለቤቴ ያንን አሮጌ ትራክተር ከገዛ ወዲህ ሰማዩ ጠቆር ሲል እፈራለሁ። እሱ ይስቅብኛል። «ፈሪ ለናቱ ይኖራል» ይለኛል፣ እናቴ ካረፈች ስንት ዘመኗ።

ትራክተሯን የገዛት የሰው ጓሮ ሲንከባከብ ኖሮ ጡረታ ከወጣ ጀርመናዊ ነው። ትንሽ ናት፣ በእግረኛ መንገድ ላይ ታልፋለች። ከፊቷ በረዶ የሚገፋ ሰፊ ብረት ይታሰርባታል፣ ከኋላዋ ደግሞ ጠጠር የሚበትን ሣጥን አላት። ባለቤቴ ኤርፖርት ጭነት ሲያወርድና ሲጭን ኖሮ ወገቡ እምቢ ሲለው ነው «ከዚህ በኋላ የራሴን ሥራ» ያለው። የምንኖረው ፍራንክፈርት፣ ቦርንሃይም ሰፈር፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ ትራክተሯ ሪደርቫልድ በሚባል ጎረቤት ሰፈር በተከራየናት መጋዘን ታድር ነበር። በበጋ ሣር ያጭድባታል፣ በብርዱ ወቅት በረዶ ይጠርግባታል። መንዳቱ የሱ፣ ስልክ ማንሳቱና ዋጋ መቁረጡ የኔ ነበር።

ዋጋ መቁረጥ ቀላል የሚመስለው ካለ ይምጣና ይሞክረው። እዚህ አገር ከቤትህ ፊት ያለው የእግረኛ መንገድ ያንተ ባይሆንም በረዶውን የምታነሳው አንተ ነህ። በፈረንጆቹ ሰዓት አቆጣጠር ጠዋት ሰባት ላይ ተጠርጎ መገኘት አለበት። ሳይጠረግ ቀርቶ አላፊ አግዳሚ ተንሸራቶ እግሩን ቢሰብር የሚጠየቀው ባለንብረቱ ነው። ባለንብረቱ ሥራውን በውል ለኛ ከሰጠ ደግሞ የምንጠየቀው እኛ ነን። እና ሰዎቹ ፍርሃታቸውን ለኛ ያስረክባሉ፣ እኛም ገንዘብ ተቀብለን እንፈራላቸዋለን። እኔ ዋጋ ስቆርጥ የማስበው ይህንን ነበር።

ባለቤቴ ግን መጀመሪያ ላይ «ርካሽ እናድርገውና ደንበኛው ይብዛ» ብሎ ድርቅ አለ። እየደመረ እያባዛ አዲስ መኪና ሁሉ ገዛ፤ ላም አለኝ በሰማይ። «ስንቱን ደጅ ነው ሰባት ሰዓት ሳይሞላ የምታዳርሰው?» አልኩት። በደረቅ መንገድ ትራክተሯን አስነድቼ፣ እያንዳንዱ ደጅ ላይ እያስቆምኩ አስሞከርኩት። በረዶ በሌለበት እንኳን ግማሹን ሳያዳርስ ረፈደበት። ያን ቀን ገባው። ርካሽ ዋጋ ብዙ ደጅ ያመጣል፤ ብዙ ደጅ ደግሞ በሰዓቱ ያልተደረሰበት ደጅና የተሰበረ እግር ያመጣል። ስለዚህ በእርግጥ የምንደርስባቸውን ጥቂት ቤቶች ያዝን፤ ናፍጣውን፣ ጠጠሩን፣ ኢንሹራንሱንና የኛን ኑሮ ለነሱ አካፈልን። የማዕዘን ቤት መንገዱ በሁለት በኩል ስለሆነ ይጨምራል። ደረጃ ያለውም ይጨምራል፣ ትራክተር ደረጃ አትወጣማ፤ ወርዶ በአካፋ ነው።

አንድ ሽማግሌ ጀርመናዊ «ባለፈው ወር በረዶ አልጣለም፣ የምከፍለው ለምኑ ነው?» ብለው ተቆጡኝ። «እርስዎ ለተኙበት ነው» አልኳቸው። «ባለቤቴ በየቀኑ ሳይነጋ በአራት ሰዓት ተነስቶ ሰማይ ያያል።» ሳቅ አሉና ከፈሉ።

የቸገረኝ ዋጋ የአንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የእትዬ። እትዬ ከኛ በጣም ቀድመው የመጡ፣ ዕድሜያቸውን በነርስነት የጨረሱ፣ ጀርመናዊ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ኒድ በሚባል ሰፈር ደረጃ ባለው የማዕዘን ቤት ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። እኛ ጥገኝነት ጠይቀን መጠለያ ውስጥ ሳለን ከነአራስ ሕፃናችን ቤታቸው ያስገቡን እሳቸው ናቸው። ልጃችንን ክርስትና አነሱልን፤ አበልጃችን ሆኑ። ታዲያ ትራክተሯ እንደተገዛች አንድ እሑድ ምሳ ላይ «እኔም እንደ ሰው ፌርትራጌን፣ ውሌን፣ ስጡኝ፣ እከፍላለሁ» አሉን።

ባለቤቴ ጉርሻው አፉ ላይ ቀረ። «እትዬ፣ ይህንን ሁለተኛ ከአፍዎ እንዳልሰማ!»

«ልጄ፣ ሥራ ሥራ ነው እኮ።»

«የእርስዎን ደጅ በዋጋ ከምጠርግ ትራክተሯን እሸጣታለሁ።»

እቤት ስንገባ «ትንሽም ቢሆን እንቁረጥላቸው» አልኩት። «ከአበልጅ? አንቺ፣ ሰው ምን ይለናል?» አለኝና ሁለት ቀን አኮረፈ። ከዘመድህ ጋር ብላ ጠጣ እንጂ አትነግድ ነው ነገሩ። እኔም ተውኩት፤ ያን ሁሉ ያደረጉልንን ሴት በየት አፌ ሒሳብ እላቸዋለሁ? ግን ደስ አላለኝም። ደንበኞቻችን ሁሉ በምሥራቅ በኩል ናቸው፣ ኒድ ደግሞ የከተማው ሌላ ጫፍ። ትራክተሯ ፍራንክፈርትን አቋርጣ እስክትደርስ ሰው ሥራ ገብቶ ይቀመጣል። ውል ያላቸው ይቀድማሉ፣ የእትዬ ደጅ መጨረሻ ይሆናል። በረዶው ለይስሙላ ብቻ በሚጥልባቸው ዓመታት ምንም አልሆነም። ባለቤቴ አርፍዶ ሲደርስ «ምን አስቸኮለህ? ና ግባ፣ ቁርስ ብላ» ነበር የሚሉት።

በፈረንጆቹ 2010 ማብቂያ ላይ ግን በረዶው ይዘንብ ጀመር። የቆመ መኪና ተሸፍኖ ጉብታ ሆነ። አንድ ቀን ባለቤቴ ገና ሳይነጋ ወጣ፣ እኔ ስልኩ አጠገብ ተቀመጥኩ። ሰባት ሰዓት ሲቃረብ ስልኩ ይጮህ ጀመር። «የት ደረሰ?» «ሰባት ሰዓት አልነበር ያልነው?» «ሚስቴ ልትወጣ ነው፣ ብትወድቅ እናንተን ነው የማየው!» አንዱን ሳረጋጋ ሌላው። በልቤም ሰደብኳቸው፤ ስለከፈሉ የገዙን መሰላቸው አልኩ።

ከዚያ ጸጥ አለ። ሻይ ልጠጣ ስነሳ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ያን ጠዋት ያልደወሉ እትዬ ብቻ ነበሩ። በነርስነት ዘመናቸው ልማድ ከወፍ በፊት የሚነሱ ሴት ናቸው። ደወልኩ። ጠራ፣ አልተነሳም። ደግሜ ደወልኩ፣ አልተነሳም። ስልካቸው ከሚቀመጡባት ወንበር አጠገብ ነው። ባለቤቴ ጋ ደወልኩ፤ በሞተሩ ጩኸት የት ሊሰማኝ። ካፖርቴን በቤት ልብሴ ላይ ደርቤ ወጣሁ።

ትራሙ መንገድ ላይ ቆመ። ሐዲዱ በበረዶ ተዘግቷል ተባለ። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም፤ ባሕር ስንሻገር እንኳን እንደዚያ አልፈራሁም። ያኔ የፈራሁት ለራሴ ነበር። እየሮጥኩ «እመቤቴ፣ መታጠቢያ ቤት ሆነው ይሆን፣ ተኝተው ይሆን» እላለሁ፤ ልቤ ግን አላመነኝም።

ቤታቸው ጋ ስደርስ የመንገዱ ግማሽ በእጅ ተጠርጓል፤ በረዶው ከዳር ከዳር በሥርዓት ተከምሯል። ከማዕዘኑ በኋላ ግን ጠረጋው ተቋርጧል። አካፋው ወድቋል። አጠገቡ በረዶው ላይ የሰው አካል የተኛበት ቦታ ጎድጉዶ ይታያል። መጠጋት አቃተኝ። ከፊት ለፊት ያሉት ጎረቤት፣ አንዲት ጀርመናዊት፣ በነጠላ ጫማ ብቅ አሉ።

«ክራንከንቫገን ወስዷታል» አሉኝ፤ አምቡላንሱን ነው። «ዳሌዋ ሳይሆን አይቀርም። ስንት ሰዓት እንደተኛች እንጃ፣ እኔም ዘግይቼ ነው ያየኋት።»

«ይናገራሉ? ነፍሳቸውን ያውቃሉ?»

«ትናገራለች። መንገዱ አላለቀም፣ ሰው ይወድቃል ትል ነበር።»

ያኔ የትራክተሯ ድምፅ መጣ። ባለቤቴ ሁሉንም ጨርሶ ነው፣ ከሩቅ እጁን አወዛወዘልኝ። ነገርኩት። አካፋውን አንስቶ ግድግዳው ላይ አስደገፈ፣ ትራክተሯ ላይ ተመልሶ ወጣና የቀረውን ግማሽ መጥረግ ጀመረ። መጀመሪያ ያበደ መስሎኝ «ምን እየሠራህ ነው?» ብዬ ጮህኩበት። እንባው ጢሙ ላይ እየወረደ እስከ ጫፍ ጠረገ፣ ጠጠሩንም በተነ። ሌላ ሰው እንዳይወድቅ ነው፤ እሳቸው የጀመሩትን ነው የጨረሰው። ከዚያ ሆስፒታል ሄድን።

የዚያኑ ዕለት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ እንድናያቸው የተፈቀደልን በማግስቱ ነው። ፊታቸው አንሶ፣ ትራሱ ውስጥ ጠፍቷል። ዶክተሩ በዚህ ዕድሜ ተነስቶ መራመዱ አያስተማምንም ብሎን ስለነበር ዓይናቸውን ማየት ፈራሁ። ባለቤቴ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«እትዬ፣ ለምን አልደወሉልኝም? ለምን?»

«ምን ብዬ?» አሉት፣ በደከመ ድምፅ። «ከፍዬህ ቢሆን እደውልልህ ነበር። በነፃ የሚሠራልኝን ሰው ቶሎ በል እለዋለሁ እንዴ? ሰው ነኝ፣ ይሉኝታ አለኝ።»

ባለቤቴ አንገቱን ደፋ። እኔ ትናንት የሰደብኳቸው ደንበኞች ትዝ አሉኝ፤ ሁሉም ጮኸው ነበር፣ ሁሉም በእግራቸው ቆመው ነበር። የዋጋውን ነገር ካነሳሁ ይቀየሙኛል፣ እንደ እናት የሆኑኝን ሴት አጣለሁ ብዬ ፈራሁ። ቢሆንም ተናገርኩት። ለሌላው የምናስከፍለውን፣ የማዕዘኑንና የደረጃውን ጨምሬ፣ ሙሉውን ዋጋ ነገርኳቸው። ባለቤቴ ቀና ብሎ በጥፊ የመታሁት ይመስል አየኝ።

እትዬ ብርድ ልብሱ ላይ በጣታቸው ሒሳቡን ደመሩ።

«ውድ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ቀንሺ።»

«አልቀንስም፣ እትዬ።» አልኳቸው። «በዚህ ዋጋ ከሪደርቫልድ አንድ ደጅ እንለቃለን፤ ከእርስዎ ነው የምንጀምረው።»

«እንግዲያው ስታረፍዱ እጮህባችኋለሁ።»

«ይጩሁብን» አልኳቸው።