ለመርማሪው ልጅ የሰፋሁት ካይት

የያዙኝ ኮልፌ፣ ልብስ ስፌት ሱቄ ውስጥ ነው። ሜትሩን ከአንገቴ ላይ እንኳ አላወረድኩም ነበር። ጥፋቴ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ስለ ሰፈራችን ቤቶች መፍረስ መናገሬ ነው። ያስገቡኝ ክፍል ድሮ መጋዘን ነበር። እኔን ጨምሮ አስራ አንድ ሴቶች፣ አራት ፍራሽ፣ ጣሪያው ስር አንዲት ጠባብ መስኮት። ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲመጣ ነጠላችንን አፍንጫችን ላይ እንይዛለን።

በሁለተኛው ቀን መርማሪው ያላልኩትን ጽፎ ፈርሚ አለኝ። እምቢ ስለው ቀኝ እጄን መሬት ላይ አስዘርግቶ በጫማው ቆመበት። ጮህኩ። አልፈረምኩም።

ሦስት ሳምንት ያህል ቆይቶ አንድ ጠዋት ቀይ የገበር ጨርቅ፣ የተሰነጠቀ ሸምበቆ፣ መርፌ፣ ክርና መቀስ ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ። ሴት ልጁ ከትምህርት ቤት በክር ተይዞ በነፋስ የሚበር ካይት አምጪ ተብላለች። እኔ ልብስ ሰፊ መሆኔን ፋይሌ ላይ አይቷል። ካማረ ጉዳዬን ቶሎ እንደሚያይልኝ ነገረኝ።

ካርቶን ለሁለት አጥፌ የካይቱን ቅድ ግራና ቀኙን እኩል አድርጌ አወጣሁ። እሱ በሩ ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ስልክ ያወራል። ማጅራቱ ገና መላጨቱ ነው። ኮሌታ እንደምሰፋለት ሁሉ በዓይኔ ለካሁት። በመካከላችን ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው፤ መቀሱም በእጄ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ልጃቸውን አምጪ ተብለው የታሰሩ ናቸው። አስተያየቴን አይተው ኖሮ ጉልበቴን ያዝ አደረጉኝ።

«አስራ አንድ ነን፣ ልጄ» አሉኝ ቀስ ብለው።

መቀሱን ወደ ጨርቁ መለስኩ። ቅዱ ልክ ነበር። ጨርቁን ስቆርጥ ግን የግራውን ክንፍ በአንድ ጣት አሳነስኩት። ጠርዙን አጥፌ ስለሰፋሁት ለዓይን አይታወቅም። ገልበጥ ገልበጥ አድርጎ አየው፣ እጅሽ ይባረክ ብሎኝ ሄደ። ምርቃቱ ከጫማው በላይ አንገበገበኝ።

በሦስተኛው ቀን ሸምበቆው የተሰበረውን ካይት ይዞ ተመለሰ። አልነሳ እያለ፣ እየተሽከረከረ መሬት ሲፈጠፈጥ፣ ልጅቷ ጓደኞቿ ፊት ስታለቅስ እንደዋለች ነገረኝ። ደስ አለኝ። የሰባት ዓመት ልጅ ማልቀሷ ደስ አለኝ፤ አልዋሽም።

«ሆን ብለሽ ነው?» አለኝ።

ቀኝ እጄን ዘረጋሁለት። የአውራ ጣቴ ጥፍር ወልቋል፤ ሌሎቹ ጣቶቼ ገና አልተዘረጉም።

«የረገጡት እጅ እኩል አይቆርጥም» አልኩት፣ አንቱታዬን ሳልቀንስ።

እጄን ትንሽ አየና ካይቱን እግሬ ስር ጥሎ ወጣ። ያለ ክስ እስክለቀቅ ሁለት ወር ጨመረብኝ። ያን ቀን ግን ሴቶቹ አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሲስቁ ዋሉ።

አሁን ሱቄ ዘነበወርቅ ሰፈር ነው። ልጅቷን ባገኛት ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እሱን ባገኘው ምን እንደማደርገው ግን ስንት ጊዜ አስቤ ስንት ጊዜ ለወጥኩ። በቅርቡ የንስሐ አባቴ ስግደት አዘዙልኝና ከልብሽ ይቅር በዪው አሉኝ።

«አባቴ፣ ስግደቱን ይጨምሩብኝ» አልኳቸው።