ለመውረድ የማትመች ብስክሌት

ያለፈው ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሰላም ከባሕር ዳር ስትመጣ ብስክሌት በሚኒባስ ጣሪያ አስጭና መጣች። ንፋስ መውጫ ስሟን የምታስከብር ከተማ ናት፤ ልጅቷ ገና ከመኪናው ስታወርዳት ነፋሱ ብስክሌቷን ከእጇ ሊነጥቃት ይታገል ነበር። ቤት ደርሰን ግቢው ውስጥ አቆመቻትና፣ «እትዬ፣ እስኪ በአንድ ጣት ያንሷት» አለችኝ። አነሣኋት። እውነትም ትነሣለች። መሪዋ እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች ተጠማዟል፣ ጎማዋ ከአውራ ጣቴ አይሰፋም። ጭቃ መከላከያ ፓራፋንጎ የላትም፣ ደወል የላትም፣ ከኋላም ከፊትም ዕቃ መጫኛ የሚባል ነገር የለም።

«ታዲያ ዕቃ የሚጫነው የቷ ላይ ነው?» አልኳት።

«የእሽቅድምድም ናት እኮ እትዬ! ዕቃ አይጫንባትም።»

«ሰው ሰላም ማለት ስትፈልጊስ እንዴት ትወርጃለሽ?»

ሳቀች። «ለምን እወርዳለሁ? እጄን አወዛውዤ አልፋለሁ።»

እኔ አልሳቅኩም። ልጅቷ ምንም አላጠፋችም፤ በሷ ዕድሜ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር። ስለ እሽቅድምድም የማውቀው ነገር የለም፣ ማወቅም አልፈልግም። ከብስክሌት ጋር ስድስት ዓመት ሠርቼ የተማርኩት አንድ ነገር ቢኖር እንዴት እንደሚወረድ ነው። እሱንም ዘግይቼ ነው የተማርኩት።

ተወልጄ ያደግኩት እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። በሃያ ዓመቴ ባሕር ዳር የጤና ረዳትነት ትምህርት ጨረስኩ። ባሕር ዳር ያኔም የብስክሌት አገር ነበረች፤ መንገዱ ሜዳ፣ ዳርና ዳሩ ዘንባባ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር በሰዓት እየተከራየን እንነዳ ነበር። የምንከራየው የሴት የሚባለውን ነው፤ ከመቀመጫው እስከ መሪው የሚዘረጋው አግድም ብረት የሌለው፣ ቀሚስ የለበሰች ሴት እግሯን ሳትሰቅል የምትወጣበትና የምትወርድበት ማለቴ ነው። ያኔ ይህ ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይመስለኝም ነበር። ብስክሌት ብስክሌት ነው፣ ሁለት ጎማ አለው፣ ይሄዳል። አይ ልጅነት!

የተመደብኩት ከንፋስ መውጫ ወደ ስማዳ በሚወስደው አቅጣጫ ባለች አንዲት የገጠር ክሊኒክ ነበር። ሥራዬ በየወሩ አምስት መንደር እየዞርኩ ሕፃናት መከተብ ነው። የክትባቱን የበረዶ ሳጥን እንድጭንበት ተብሎ አንድ ጥቁር ብስክሌት ተሰጠኝ። ማን እንደሠራት እንጃ፣ ለማን እንደሠራት ግን ያስታውቃል፤ ለረጅም ወንድ። አግድሙ ብረት ወገቤ ድረስ ይመጣል። መቀመጫዋ ላይ ስወጣ እግሬ ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ይንጠለጠላል። ሳጥኑን ከኋላ ከአሮጌ የጎማ ከመነዳሪ በተቆረጠ ገመድ ጥፍር አድርጌ ስጭን ደግሞ እግሬን በኋላ ማሳለፍ አልችልም። ከኋላ ሳጥን፣ ከፊት ብረት፣ መሃል ላይ እኔ። ከቀሚሴ ሥር ሱሪ ባደርግም፣ በዚያ አገር በሰው ፊት እግሬን ብረት ላይ ልሰቅል? አበስኩ ገበርኩ! ስለዚህ ክሊኒኩ ደረጃ ላይ ቆሜ እወጣለሁ፣ ከምደርስበት ቦታ ትልቅ ድንጋይ ፈልጌ እወርዳለሁ። በመሃል መቆም የለም።

መስቀል እንዳለፈ ነበር የጀመርኩት። ጭቃው ደርቆ መንገዱ ጠንክሯል፣ ገብሱ ነጣ ነጣ ማለት ጀምሯል፣ በየማሳው ዳር የባቄላ እሸት የሚጠብሱ ሰዎች ጭስ ይሸታል። ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፣ ግን ሃያ ዓመት ነውና ውርጭም ደስ ይላል። አንድ ሐሙስ ቁልቁለቱን እየተንደረደርኩ ስወርድ ቄስ አድማሱ ከፊት ለፊቴ ብቅ አሉ። ቄስ አድማሱ ከምዞርባቸው አምስት መንደሮች አንዱ የሆነው የሚካኤል መንደር አባት ናቸው፤ በዚያ ሰፈር እሳቸው ሳይሰሙት የሚሆን ነገር የለም። እንደ ወጉ ከነጠላቸው ሥር መስቀላቸውን አውጥተው ዘረጉልኝ።

ወጉን አላውቅም አልልም፤ የእስቴ ልጅ ነኝ። መንገድ ላይ ቄስ ያገኘ ሰው በቅሎ ላይም ቢሆን ወርዶ መስቀል ይሳለማል። ግን እንዴት አድርጌ ልውረድ? ፍሬኑ ልል ነው፣ ከያዘልኝም ከነሳጥኑ እወድቃለሁ። ባሕር ዳር እንደለመድኩት ደወሌን አቃጨልኩ፣ አንድ እጄን አወዛወዝኩ፣ «እንደምን አደሩ አባ!» ብዬ ጮኼ አለፍኩ። ዞር ብዬ ሳይ መስቀሉን እንደ ዘረጉ ቆመዋል። ያስነሣሁት አቧራ ጥምጥማቸው ላይ ይወርዳል።

በሳምንቱ ተራው የሚካኤል ነበር። የክትባት ቀን የሚነገረው በቤተ ክርስቲያን ነው፤ እኛ ቀኑን በወረቀት ጽፈን ለቄሱ እንልካለን፣ እሳቸው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ለምእመኑ ይናገራሉ። ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ካለው ትልቅ ጽድ ሥር ሳጥኔን አስቀምጬ ጠበቅኩ። ረፋድ ሆነ፣ ቀትር ሆነ። አንዲት የጠፋባት ጊደር የምትፈልግ ሴት ብቻ መጥታ፣ «ምን ትሸጫለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። በረዶው ቀለጠ። መድኃኒቱን ይዤ ተመለስኩ።

የክሊኒኩ ዘበኛ አያ ሞላ የዚያው አገር ሰው ናቸው፤ ነገሩን ሰምተውት ኖሯል።

«ቄሱን አልፈሻቸዋል አሉ» አሉኝ።

«ምን ላድርግ አያ ሞላ? መውረድ አልቻልኩም።»

«እሱን እኔ አውቃለሁ፣ እሳቸው በምን ይወቁ? ያዩት አልወርድም ያለች ሴት ነው። በይ ነገ በእግርሽ ሂጂና ተሳለሚ። እዚያው ያልቃል።»

«አልሄድም! ልከትብ ነው የመጣሁት። ልጆቻቸው የነሱ እንጂ የኔ አይደሉ።»

አያ ሞላ «እንደ ወደድሽ» ብለው ወደ በራቸው ሄዱ። ያቺን ንግግሬን ዛሬ ሳስታውሳት ፊቴ ይግላል። የሁለት ሰዓት መንገድ በእግር መሄድ ነበር የተጠየቅኩት፣ ሌላ ምንም አይደለም። እኔ ግን በልቤ የተማርኩት እኔ ነኝ፣ ያልገባቸው እነሱ ናቸው እያልኩ እልህ ያዘኝ። በሚቀጥለው ወር ወረቀቱን ላክሁ፣ ሳጥኔን ጭኜ ሄድኩ። መንገድ ላይ እንደገና አገኘኋቸው። በዚህ ጊዜ መስቀላቸውን አላወጡም፣ ፊታቸውን ወደ ማሳው አዞሩ። እኔም መሪው ላይ አጎንብሼ ፔዳሌን ረገጥኩ። ጽዱ ሥር ያን ቀን ጊደር የምትፈልግም አልመጣች።

ከዚያ ኩፍኝ ከቆላው ወደ ደጋው ወጣ። አንድ ማለዳ ክሊኒኩን ስከፍት ልጆቻቸውን ያዘሉ ሦስት እናቶች ደጁ ላይ ተቀምጠዋል፤ ሦስቱም ከሚካኤል ናቸው። የሦስቱም ልጆች ፊት በሽፍታ ተሸፍኗል። አንደኛዋ፣ «የቄስ አድማሱም የልጅ ልጅ ታማለች፣ እሷስ ብሶባታል» አለችኝ። ብስክሌቷን ዞሬም አላየኋት። ለሦስቱ መድኃኒት ሰጥቼ የቀረውን በቦርሳ ይዤ በእግሬ ወጣሁ።

ቄስ አድማሱ ቤት ስደርስ፣ ብርሃን የልጅቷን ዐይን ስለሚያመው ቤቱን አጨልመውታል። የአራት ዓመት ልጅ ናት፣ የሺ ትባላለች፤ አያቷ ከራስጌዋ ተቀምጠዋል። ጎንበስ ብዬ ስጠብቅ መስቀላቸውን ዘረጉልኝ። ተሳለምኩ።

«ዛሬ በእግርሽ መጣሽ፣ ልጄ» አሉኝ።

ነገርኳቸው። ብረቱን፣ ሳጥኑን፣ እግሬ መሬት እንደማይደርስ፣ ሁሉንም።

«ታዲያ ያኔ መጥተሽ ይህንኑ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?»

«መጀመሪያ አፈርኩ አባ። ኋላ ደግሞ እልህ ያዘኝ።»

«እኔስ?» አሉ እሳቸው። «ማንንም አትሂዱ አላልኩም። ወረቀትሽን ኪሴ ከትቼ፣ ቀድሼ ወጥቼ፣ ሕዝቡ ፊት ቆሜ ዝም አልኩ። ሁለት እሑድ። ቂም ይዤ መስቀል ጨብጫለሁ፣ ልጄ፤ የኔ ካንቺ ይብሳል።» ይህን ሲሉ ዐይናቸው ልጅቷ ላይ ነበር።

እንባዬ መጣ፣ ግን ማልቀስ የሚገባኝ እኔ አልነበርኩምና ዋጥኩት። የልጅቷን ዐይን አጠብኩ፣ ቅባት አደረግኩላት፣ ለዐይን የሚሰጠውን እንክብል ሰጠኋት። በማግስቱ የክትባቱን ሳጥን ይዤ ስመለስ ቄስ አድማሱ ደወል አስደውለው መንደሩን ሰበሰቡ፤ ያልታመሙትን ልጆች ሁሉ በረዶው እስኪያልቅ ከተብኩ። የታመሙትም ዳኑ። ያቺ ልጅ ግን ስትድን ግራ ዐይኗ ላይ ነጭ ነገር ቀረ።

ከዚያ በኋላ ነው ብስክሌቷን ይዤ ንፋስ መውጫ የወጣሁት። «የመንግሥት ንብረት እንዴት ይቆረጣል?» ያለኝን የንብረት ኃላፊ፣ ከተበላሸች እኔ ልጠየቅ ብዬ ፈርሜ አፉን አስዘጋሁት። በርና መስኮት የሚበይድ ዘውዱ የሚባል ሰው ነበር። በሕይወቱ ብስክሌት ላይ ወጥቶ አያውቅም፤ ስለዚህ ይሆናል ደህና ደህና ጥያቄ የጠየቀኝ። «የት የት ትሄጃለሽ? ምን ትጭኛለሽ? በቀን ስንት ጊዜ ትወርጃለሽ?» የመጨረሻውን ጥያቄ ይህችን ብስክሌት የሠራ ሰው ማንንም ጠይቆ አያውቅም።

«ሃያ ጊዜ» አልኩት።

ብረቱን ቆርጠህ ጣልልኝ ስለው ራሱን ነቀነቀ። «መጣሉ ቀላል ነው። ግን ቀጥ ብላ የቆመችው በሱ ነው፤ ከነቀልኩት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ እጥፍ ትላለች።» አግድሙን ቆርጦ በምትኩ ሁለት ቀጫጭን ቱቦ ከመሪው ሥር አስነሥቶ ወደ ፔዳሉ ቁልቁል በየደ። መቀመጫዋን ሁለቱም ጫማዬ መሬት እስኪረግጥ ዝቅ አደረጋት፣ መሪዋን ከፍ አደረገው። የፊቱን የሰንሰለት ጥርስ ዳገት እንዲያቀልልኝ በትንሽ ለወጠው፣ ቀሚሴን እንዳይበላው የኋላውን ጎማ በሲባጎ መረብ ሸፈነው፣ የፍሬኑን ጎማ ቀየረ።

«እንግዲህ ለሩጫ አትሆንም» አለኝ።

«አልሮጥም» አልኩት።

አስቀያሚ ሆነች። ብየዳው አብጦ ይታያል፣ ቀለሟ ተቃጥሏል። ሰዉ ብረቷ ወደ ታች ማዘንበሉን አይቶ «ሰጋጅ» የሚል ስም አወጣላት። ግን ምን ዋጋ አለው ቁንጅና? ሰው ሳይ ፍሬን እይዛለሁ፣ ሁለት እግሬ መሬት ይረግጣል፣ ቀሚሴን ሰብሰብ አድርጌ እወርዳለሁ። እንዳልኩትም በቀን ሃያ ጊዜ ወረድኩ። ከብቱ ደህና፣ አዝመራው ደህና፣ ልጁ ደህና፣ የጎረቤት ልጅስ ደህና። የዚያ የጋይንት አገር ሰላምታ እንደሆነ ቶሎ አያልቅም። በረዶው እንዳይቀልጥብኝ ሳጥኑን በጋቢ እየጠቀለልኩ ከድሮው አንድ ሰዓት ቀድሜ መነሣት ጀመርኩ። አንዳንዷ እናት እዚያው መንገድ ላይ፣ «ይቺን ልጅ እስኪ እያት» ትለኛለች፤ የሥራዬ ግማሽ ከመንደር ወደ መንደር ስሄድ የሚሠራ ሆነ።

ቄስ አድማሱ ካረፉ ቆይተዋል። የሺ አድጋ፣ አግብታ፣ ወልዳ እዚያው ትኖራለች። በነዚህ ሁሉ ዓመታት ገበያ ላይ ባየኋት ቁጥር መንገድ እቀይር ነበር። ለማንም ተናግሬው የማላውቀው ነገር ነው፣ አሁንም ስጽፈው አፍራለሁ።

ሰላም እሑድ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ማክሰኞ ሚካኤል መንደር ለቅሶ ስለነበረብኝ በባጃጅ ሄድኩ። ድንኳኑ ውስጥ ስገባ እንደ ልማዱ፣ «ኖር!» ብለው ተነሡልኝ። ወደ ባዶው ቦታ ስመለከት አጠገቡ የቆመችው የሺ ናት። የምቀይረው መንገድ አልነበረም። «በእግዜር» በማለት ፈንታ ወደ እሷ ሄድኩ። አጠገቧ ደርሼ በዝግታ ነገርኳት፤ ያኔ አያትሽን አልፌያቸው ነው፣ ሁለት ወር ሙሉ እልህ ይዤ ነው፣ ዐይንሽ የተጎዳው በኔ ነው አልኳት።

ጨርሳ ሰማችኝ። «አውቃለሁ፣ እትዬ» አለችኝ። «አያቴም ‹በኔ ነው› እያሉ ነው የሞቱት። ይቅር በይኝ ያላሉኝ ቀን የለም፤ ልጅ ሆኜ ይቅር ማለት ሰልችቶኝ ነበር።» ከዚያ ደግሞ፣ «አራት ልጆች አሉኝ። አራቱንም በቀናቸው አስከትቤያለሁ» አለችኝ።

ይቅርታ ይሁን ወቀሳ አልለየሁትም። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ፤ ከጎኗ ተቀመጥኩ።