የሎሚው የብርድ ቀለብ

ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በተቆረጠ ጀሪካን የተከለው ሎሚ በእኔ እጅ ቀረ። በከተማችን በመካነ ሰላም የታኅሣሥ ውርጭ ሲበረታ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ለጎረቤታችን ለባለሱቋ ወጣት የሰጣት የዚሁ ሎሚ እኩያ ግን በረንዳዋ ላይ ለምልሟል። ባየሁት ቁጥር ቅናት ያንገበግበኛል።

አንድ ጠዋት በአጥሩ በኩል አየችኝና፣ "እትዬ፣ ምነው ፍጉን እንዲህ ከመሩበት?" አለችኝ።

"ርቦት መስሎኝ ነዋ።"

"ኧረ በብርድ ብዙ አይበላም! ጋሼ እኮ፣ 'በወር አንዴ ፍጉን ዘፍዝፈሽ፣ ውኃውን እንደ ሰነፍ ሴት ሻይ አቅጥነሽ፣ ረፋዱ ላይ አጠጪው' ብለውኛል። አብሽሩ፣ ይተርፋል።"

የሰነፍ ሴት ሻይ! ሻዩ በቀጠነበት ቁጥር እኔን የሚያበሽቅበት ቀልድ ነበር። ሎሚው ስለለመለመላት ብቀናም፣ ስለ ሰጣት ቅር ብሎኝ አያውቅም። እኔ ያልሰማሁትን ንግግሩን ይዛ መኖሯ ግን አንገበገበኝ። ወደ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ የከመርኩትን ፍግ አንስቼ እንዳለችው ዘፈዘፍኩ። ሥራው ገብቶኛል፤ የሚጠየቅ ነገር አልቀረኝም። ቢሆንም አጥሩ ጋ ሄጄ ጠራኋትና፣ "ስለ ሎሚው ሌላስ ምን ብሎሽ ነበር?" አልኳት።