ከመቋሚያው ሥር የተመታ ጎማ

ቢቸና ክሊኒክ በጤና ረዳትነት ሥራ የጀመርኩት እሑድ ቀን ነው። የምደባ ደብዳቤዬ ሰኞ ይል ነበር። እኔ ግን ቅዳሜ ከደጀን በጭነት መኪና ገብቼ ነበርና አልጋ ቤት ተጋድሜ መዋል አልሆነልኝም። የክሊኒኩ ኃላፊ አቶ ውበቱ በር ላይ ቆመው አዩኝ። «ለሥራ የሚቸኩል ሰው ካየሁ ቆየሁ። በል ጋዋን ልበስ» አሉኝ።

ጋዋኑን ቆልፌ ሳልጨርስ አንድ አዛውንት ከኳስ ሜዳ በቃሬዛ መጡ። በዚያ ጊዜ የቀበሌው ነዋሪ እሑድ ጠዋት ተሰልፎ ስፖርት ይሠራ ነበር። ፊሽካ ይነፋል፤ ወጣት ሽማግሌ ሳይባል ሁሉም ይዘላል። አዛውንቱ፣ መሪጌታ እንግዳ የተባሉ የቅኔ መምህር፣ በማኅሌት ቆመው አድረው በቀጥታ ወደ ሰልፉ ገብተዋል። በአንድ እግር ዝለሉ ሲባል ዘለሉ። የነሐሴ ሣር አንሸራተታቸው።

«የት ያምዎታል የኔታ?» አልኳቸው። ተሸክመው ያመጧቸው ተማሪዎችና ጎረቤቶች ሲጠሯቸው የሰማሁት እንዲህ ነበር።

«ዳሌዬን። ከዳሌዬ ይብስ ግን ፊሽካው። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ፍየል ተነዳሁ።»

አቶ ውበቱ እግራቸውን አጥፈው ዘረጉ፤ ዳሌያቸውን ዳሰሱ። ስብራት የለም። «ጥቂት ቀን ይረፉ፤ ከዚያ ቀስ እያሉ መሄድ ይጀምሩ» አሏቸው። ታናሽ ልጃቸው ጥሩወርቅ አጠገባቸው ነበረች። ማረፉን ሰማች። መሄዱን አልሰማችም።

የሥራ ድርሻዬ ጠዋት ቁስል ማጠብና መርፌ መውጋት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ክሊኒክ መምጣት የማይችሉትን በየቤታቸው መጎብኘት ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ ለማይወድ ሰው የተሰፋ ሥራ ነው። በትከሻዬ የደም ግፊት መለኪያና የልብ ማዳመጫ፣ በኪሴ ግጥም የምጭርበት የክኒን መጠቅለያ ወረቀት ይዤ ቢቸናን አካለልኳት።

ኅዳር ላይ የየኔታ ቤት ስገባ አልጋ ላይ አገኘኋቸው። ውኃው በቀኝ፣ ዳዊታቸው በግራ፣ ጭራው ትራስ ሥር፣ ፖፖው ከአልጋው በታች። ሲፈልጉ ተማሪዎቻቸው ያነሷቸዋል፤ ሲፈልጉ ያዞሯቸዋል። ጋቢያቸውን ገልጬ ጭናቸውን አየሁ። ሟሽሾ የእኔን ክንድ አክሏል።

«ከወደቁ ጀምሮ እግራቸው መሬት አልነካም» አለች ጥሩወርቅ ኮራ ብላ። «ምንም አላጎደልኩባቸውም።»

«አንድ ነገር ጎድሎባቸዋል» አልኳት። «መሄድ።»

«አባቷን ውኃ ታስቀዳለች ብሎ ቢቸና ሲያማኝ ያን ጊዜ አንተ ትመልስልኛለህ?»

ነገሩ የእሷ ብቻ አልነበረም። በአገራችን የተከበረ ሰው ሲያረጅ ቤተሰቡ ይሽቀዳደምለታል። አንዱ ጫማ ያቀርባል፣ አንዱ ያስታጥባል፣ አንዱ ደግፎ ያስቀምጣል። ሽማግሌው ለአንድ ነገር ብድግ ካለ ልጅ የሌለው ይመስላል። በዚህ አክብሮት ውስጥ ስንት ጉልበት እንደሚቀልጥ ያየሁት በየቤቱ ስዞር ነው።

የኔታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ስማ አንተ ሐኪም። የደብራችን ንግሥ ግንቦት ልደታ ነው። ድቁና ከተቀበልኩ ወዲህ በልደታ ማኅሌት ሳልቆም የቀረሁበት ዓመት የለም። ዘንድሮ በሰው ትከሻ እንደ ሬሳ ከምገባ ብቀር እመርጣለሁ። ታቆመኛለህ ወይስ አታቆመኝም?»

«እርስዎ ይቆማሉ። እኔ አጠገብዎ እሆናለሁ።»

ለአቶ ውበቱ ነገርኳቸው። «ግፊታቸውንና የልባቸውን ምት ሳትለካ አንድ እርምጃ አታስኪዳቸው» አሉኝ። «ደረቴን ካሉ፣ ራሳቸውን ካዞራቸው ወይም ትንፋሽ ካጠራቸው አቁም። ከዚህ ውጭ የምሰጥህ ዕቃም በጀትም የለኝም።»

ዕቃ አላስፈለገም። ቤቱ የጭቃ መደብ አለው፣ መካከሉ ላይ ጠንካራ ምሰሶ አለው። መጀመሪያ ያስተማርኳቸው መነሣትን ሳይሆን ከመነሣት በፊት መጠበቅን ነው፤ አልጋው ጠርዝ ላይ እግር አውርዶ ጭንቅላት እስኪረጋ መቀመጥ። ቀጥሎ ከመደቡ መነሣትና መቀመጥ ሆነ። መደቡ ዝቅ ስለሚልባቸው ተማሪዎቹ የሚለብሱትን የበግ ለምድ፣ ደበሎውን፣ አጣጥፌ ከላዩ ደራርቤ ከፍ አደረግሁት። እየበረቱ ሲሄዱ ደበሎውን አንድ በአንድ አነሣሁ። ምሰሶውን ይዘው በጣታቸው መቆም፣ ከዚያም ምሰሶውን መዞር ቀጠለ።

መቋሚያቸው ወለሉ ላይ ይሸሽ ነበር። በረባሶ ሠሪው ከመኪና ጎማ ትራፊ ቆርጦ ሰጠኝ፤ ከጫፉ ሥር በሚስማር መታሁት። የኔታ አገላብጠው አዩት። «ቅዱስ ያሬድ መቋሚያዬ ጫማ ማድረጉን ቢሰማ ምን ይል ይሆን?» አሉ።

ከመነሣታቸው በፊት ሁልጊዜ አንድ ግጥም ያስነብቡኛል። ቅኔ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ የማውቀውን ሁሉ ለብቻዬ እየታገልኩ ነው የተማርኩት። ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙኝና «ቤት ይመታል። ወገብ ግን የለውም፤ እንደ እኔ ነው። እሱንም እያስነሣህ አስቀምጠው» ይሉኛል። ተናድጄ እወጣለሁ። ማታ እንደገና እጽፈዋለሁ።

የእርምጃቸውን ልክ የማውቀው በዳዊታቸው ነበር። ሲሄዱ ድምፅ አውጥተው እንዲደግሙ አደረግሁ። ቃሉ ከተቆራረጠ ፍጥነቱ በዝቷልና ይቀንሳሉ። ሳይቆራረጥ ከወረደላቸው ትንሽ ይጨምራሉ። ከዚያ ወዲህ ለሌሎች አዛውንቶችም ሰዓት አያስፈልገኝም፤ እየሄዱ ማውራት ከቻሉ በቂ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀረኝ። እኔ ስወጣ ሁሉም ዕቃ ተመልሶ አልጋው ዙሪያ ይከማቻል። ውኃውን በር አጠገብ እንድታደርገው ጥሩወርቅን ለመንኳት፤ እምቢ አለች። ቆይታ ግን ራሷ መላ አመጣች። «ውኃ አላስቀዳቸውም። ዳዊታቸውን ግን ምሰሶው ላይ ልስቀለው። ለዳዊት መነሣት የሚያስነውር አይደለም» አለች። የዳዊቱ ማኅደር ምሰሶው ላይ ተሰቀለ። ከእኔ ትእዛዝ ሁሉ የበለጠ ያስኬዳቸው እሱ ነው። ከጥምቀት በኋላ ደጅ ወጥተው፣ አፈሩ በደረቀበት በኩል፣ ቅጥሩን መዞር ጀመሩ።

ሕማማት ላይ ተሰናከልን። የኔታ እግራቸው መለስ ሲልላቸው ቤተ ክርስቲያን ሄደው ከሰጋጁ ጋር እስከ መሬት እየወደቁ ይሰግዱ ጀመር። እህልም ውኃም አልቀመሱም። በመካከሉ ዞሮባቸው ወደቁ። ተሸክመው ቤት አስገቧቸው። ጥሩወርቅ ዳዊቱን ከምሰሶው አውርዳ ትራሳቸው ሥር አደረገችው። መቋሚያውን ቆጡ ላይ ወረወረችው።

በማግሥቱ በር ላይ አገኘችኝ። «ሁለተኛ እንዳትመጣብኝ። አባቴን ልትገድልብኝ ነው።»

«አንዴ ልለካቸውና እሄዳለሁ።»

ለካሁ። ግፊታቸው ደህና ነው፤ ጉልበታቸው ተልጧል እንጂ ሌላ ጉዳት የለም። «ውኃ ቀምሰው ነበር?» አልኩ።

«ሕማማት እኮ ነው» አለች ጥሩወርቅ።

«ስንት እንደሰገድኩም ጠይቀኝ እንጂ» አሉ የኔታ።

«ስንት ሰገዱ?»

«አጠገቤ ያለው እስኪደክመው።»

«አጠገብዎ የነበረው ማን ነው?»

«ተማሪዬ ነው። ገና ጢም አላወጣም።»

ጥሩወርቅ ፊቷን አዞረች፤ ሳቋን መያዟ ግን ከትከሻዋ ያስታውቅ ነበር።

ከዚያ የኔታ እግራቸውን ከአልጋው አወረዱ። ልረዳቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ጭንቅላታቸው እስኪረጋ ጠበቁ። ምንም ሳይይዙ ተነሡ። ቀስ ብለው፣ ምሰሶውን አልፈው ቆጡ ሥር ደረሱና እጃቸውን ወደ ላይ ዘረጉ። አልደረሱበትም።

«ጥሩዬ፣ መሄዱን ሄድኩ» አሉ። «ይህ ሐኪም ቁመት አልጨመረልኝም።»

ጥሩወርቅ ቆማ አየቻቸው። «ጠብቀው ነው የተነሡት» አለች፣ ለእኔም ለራሷም የምትናገር በማይመስል ድምፅ። በርጩማ አቅርባ ላዩ ላይ ወጣችና መቋሚያውን አውርዳ ሰጠቻቸው። ከዚያ ትእዛዙን የሰጠችው እሷ ናት። ስግደቱ በንስሐ አባታቸው ፈቃድ መደብ ይዞ ጎንበስ ማለት ይሆናል። ጾም በዋሉበት ሰዓት ቅጥር መዞር የለም። ሲሄዱ አንድ ሰው ከኋላቸው አይለይም። ካስተማርኳት የጨመረችው እንጂ ያጎደለችው አልነበረም።

የልደታ ዕለት የኔታ በእግራቸው ሄዱ። ጥሩወርቅ በርጩማ ይዛ ከኋላ ተከተለች፤ ደጀ ሰላም ላይ ለአንድ ተማሪ ሰጠችው። እኛ ዛፍ ሥር ቆመን እናዳምጣለን። ማኅሌቱ ሲሞቅ መቋሚያዎቹ ድንጋዩን ሲመቱ ይሰማል። ከሁሉም መካከል አንዱ ድምፅ የታፈነ ነበር። ጎማ የተመታበት እሱ ብቻ ነው።

ትንሽ ቆይቶ ያ ድምፅ ጠፋ። ጥሩወርቅ ነጠላዋን ጨበጠች። «ወደቁ?»

«በርጩማው አለ» አልኳት። እኔም ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

ጠበቅን። ድምፁ ተመለሰ።

«ተነሡ» አለች።

ከንግሡ በኋላ የቀበሌው ሊቀመንበር ክሊኒክ ድረስ መጣ። የኔታም ግፊታቸውን ሊለኩ በእግራቸው መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀምጠዋል። «እሑድ እሑድ ሽማግሌዎቹን አንተ ያዛቸው» አለኝ።

«ያለ ፊሽካ ከሆነ።»

«ያለ ፊሽካ በምን ይጀምራሉ?»

«በሰላምታ» አሉ የኔታ ከአግዳሚው። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ፊሽካው ለወጣቶቹ ብቻ ሆነ።

በዓመቱ ወደ ሞጣ ተዛወርኩ። ሞጣ ላይ መጀመሪያ የጎበኘሁት ቤት የአንድ ነጋዴ ሐጂ ነበር። ልጆቻቸው የሚወዷቸው ናቸው፤ የውዱእ ውኃው ሳይቀር አልጋው አጠገብ ቀርቧል። ውኃውን በር አጠገብ አድርጉት አልኩ። እንደ ጥሩወርቅ ተቆጡኝ። እኔም እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ።

አዲስ ለምትመደቡ የሥራ ባልደረቦቼ ከዚህ ሌላ የምነግራችሁ የለኝም። አዛውንት ቤት ስትገቡ ግፊት ለኩ። ከዚያ አልጋው ዙሪያ የተሰበሰበውን ዕቃ እዩ። በጣም ከሚወዱት ነገር አንዱን እስከ ምሰሶው አርቁት። ወለሉ ይድረቅ፤ በመንገዳቸው ላይ የሚይዙት ነገር ይኑር።