ዳማ በላ?

ድንቅቱ አንዴ ከተናገረች ወደኋላ የማትል ሴት ናት፤ ወንጪ ላይ ይህን የማያውቅ የለም። በ2005 ዓ.ም. ዳማ የተባለው የቤታቸው ፈረስ ደንብሮ የልጇን የለንሳን ሆድ በእርግጫ ሲመታውም ያው ነበረች። ለንሳ አንጀቷ ተበስቶ አምቦ ሆስፒታል ገባች። በማግስቱ ድንቅቱ ሊጠይቅ የመጣውን የባሏን ወንድም ሆርዶፋን፣ «ያን ፈረስ ዓይኔ እንዳያየው፤ ዛሬውኑ ሽጠው!» አለችው። እሱም ሸነን ገበያ ወስዶ ለሩቅ አገር ነጋዴ ሸጠው።

ለንሳ ነቃ ስትል መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «አዮ፣ ዳማ በላ?» ብላ ነው።

እናቷ ክው አለች። «በልቷል፣ ልጄ።»

ሐኪሙ አንጀቷን ሰፍቶታል፤ ሆዷ ግን ስላበጠ ወዲያው አልተዘጋም። ቁስሉ ላይ ስፖንጅ አድርገው፣ በላስቲክ ሸፍነው፣ በቱቦ ከመምጠጫ ማሽን ጋር አገናኙት። ማሽኑ ፈሳሹን እየሳበ ቁስሉ ቀስ በቀስ እንዲጠብ ያደርጋል። መብራት ሲጠፋ ነርሱ ቶሌራ በእግር የሚረገጥ መምጠጫ አመጣ።

«አዴ ድንቅቱ፣ እንዲህ ቀስ እያሉ ይርገጡ፤ ግፊቱን እኔ አያለሁ» አላት።

ደስ አላት። እጅን አጣጥፎ ከመቀመጥ ይሻላል።

ለንሳ ምግብ ገና አልተፈቀደላትም፤ ስለ ራሷ ረሃብ ግን ትንፍሽ አትልም። ጠዋት «በላ?»፣ ማታ «ውሃ ሊጠጣ ወረደ?» ነው። ድንቅቱም እየረገጠች ስለ ሌለ ፈረስ ታወራላታለች፤ የጎረቤት ገብስ ገብቶ ተባረረ፣ ጋማው አደገ። እያወራች ፈረሱ እሷንም ናፈቃት። መንደርተኛው «ሴት ልጅ ፈረስ ጋለበች» ብሎ ሲያማ፣ ልጇን ወንጪ ሐይቅ ዳር ስትጋልብ እያየች በኩራት የምትቆመው ማን ነበርና!

ጨነቃትና ሆርዶፋን፣ «ፈልገህ አምጣልኝ» ብላ ላከችው። ቃሏን ስታጥፍ ሲያይ የመጀመሪያው ነው፤ ያኑ ቀን ሸነን ወርዶ ነጋዴውን አፈላለገ። ፈረሱ የት እንደደረሰ የሚያውቅ ግን ጠፋ።

በመጨረሻ የለንሳ ሆድ ተዘጋ፤ ድና ወጣች። ወንጪ ሲደርሱ ለንሳ ቤት ሳትገባ ወደ ጋጣው ሄደች። ልጓሙ ብቻ ተንጠልጥሏል። ድንቅቱ ሁሉንም ነገረቻት።

ለንሳ አልተቆጣችም። «ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ማን አበላው?» ብቻ አለች።

ከዚያ ወዲህ የፈረስ ኮቴ በተሰማ ቁጥር ሁለቱም ሥራቸውን ጥለው ወደ ደጅ ይወጣሉ፤ ለንሳ እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ እናቷ ከኋላዋ። የጎረቤት ፈረስ ሆኖ ያገኙትና ተመልሰው ይገባሉ።