የሪሐና ቡትስ

ዙለይካ ሥራ ላይ ስትሆን አፏን ትከፍታለች። ስንቴ "ዝንብ ይገባብሻል" ብያታለሁ፤ አትሰማም። ካዛንቺስ በምትገኘው ማተሚያ ቤታችን ጎን ለጎን ተቀምጠን ቀኑን ሙሉ የሰርግ ካርድና የሱቅ ታፔላ ዲዛይን እናደርጋለን። ደንበኛ ሲጠፋ ግን እሷ ማንም ያላዘዛትን ጫማ ትሠራለች። ኮምፒውተሩ ላይ ቆዳውን ትዘረጋለች፣ ስፌቱን ትደረድራለች፣ ከዚያ ሥዕሉን እውነተኛ አስመስሎ የሚያወጣውን "ሬንደር" ተጭና ትጠብቃለች። ምስሉ ቶሎ አይመጣም። መጀመሪያ ጉም ነው፤ ከጉሙ ውስጥ ታኮ ብቅ ይላል፣ ቀስ እያለም ቆዳው ላይ ብርሃን ያርፋል። በዚያን ሰዓት ዙለይካ ከእኛ ጋር የለችም። መብራት ከሄደ እንደገና ከሀ ነው። እኔ እራገማለሁ፤ እሷ ከእንቅልፉ እንደቀሰቀሱት ሕፃን ዓይኗን ታሻለች።

በዚያ ክረምት የምትሠራው አንድ ነገር ብቻ ሆነ፤ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ባለታኮ ቡትስ። ለእህቷ ለሪሐና ነው። ሪሐና ቡልጋሪያ ሰፈር ባለው የአባታቸው ሱቅ ከባንኮኒ ኋላ የምትቀመጥ ምላሰኛ ናት። በልጅነቷ ታማ ቀኝ እግሯ ከግራው አጥሮ ስለቀረ፣ ዕድሜዋን ሙሉ አንዱ ሶሉ የወፈረ ጥቁር ጫማ ነው የምታደርገው። ታኮ አድርጋ አታውቅም። ደምበል የገበያ ማዕከል ሲሄዱ ግን ጫማ የተደረደረበት መስኮት ፊት ቆማ እንደምትቀር ዙለይካ ታውቃለች። ሰርጓ ከዒድ በኋላ ነው። ቡትሱን ከወደደችው ስታዲየም አካባቢ ያለ ጫማ ሠሪ ይሰፋዋል፤ ካልወደደችው በዚያው በጥቁሩ ትዳራለች። ዙለይካ ይህን እያሰበች ምሳዋን ትረሳ ነበር።

በኮምፒውተር ጫማ የሚሠራ ሰው ለሁለቱም አይለፋም። ግራውን ይሠራና "ሚረር" ሲል ቀኙ ተገልብጦ ይመጣል። ለሪሐና ይህ አይሆንም። ዙለይካ ሁለቱን ለየብቻ ሠራች፤ የቀኙን ተጨማሪ ከፍታ ከውስጥ ደበቀችው፣ ከውጭ ሲያዩት እኩል እንዲመስል። ሲያምር! በቀላሉ የማልደነቅ ሰው ወንበሬን አስጠግቼ አየሁት። ከዚያ "አድርጋው ምን እንደምትመስል ትየው" ብላ እግር ጨመረችበት። እጅ የለመደውን አይተውምና፣ ግራውን እግር ሠርታ ሚረር አለችው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሪሐና መጣች። ስክሪኑ ላይ ቀጥ ያሉ ሁለት እግሮች ቡትሱን አድርገው ዝናብ ያረጠበው መንገድ ላይ ቆመዋል።

"ማሻአላህ!" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ እግሮቹን አንድ በአንድ አየች።

"አልወደድሽውም?" አለች ዙለይካ።

"ኧረ ቡትሱስ ልዩ ነው! ግን እኔ የምልሽ ዙሊ፣ ያቺን እግሬን የት አደረግሻት?"

"ማለቴ... እንዲያምርብሽ ብዬ... በቃ እጄ ለምዶ..."

"እስከ ዛሬ በእሷ አይደል እንዴ ስሄድ የኖርኩት? የሰርጌ ቀን ትቻት ልሂድ?"

ዙለይካ እንባዋ መጣ። ሪሐና ግን ወደ እኔ ዞራ "አርያምዬ፣ በሩን ዝጊልኝ" አለችኝ። ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ ጥቁሩን ጫማ ፈታች፣ ካልሲዋን አወለቀች። ያቺን እግር ከልጅነታቸው ወዲህ ዙለይካም አይታት አታውቅም። ቀጭን ናት፤ ተረከዟ ወደ ውስጥ ዞር ይላል። ሪሐና አነሳቻትና እህቷ ጭን ላይ አኖረቻት።

"በይ ለኪያት" አለቻት። "ልክ እሷን አድርገሽ ሥሪልኝ።"

ዙለይካ የእህቷን እግር በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ሜትሩን እኔ አቀበልኳት።