ቤት የተሸከሙ እግሮች

አርባ ምንጭ ውስጥ ሥዕል ከተባለ አዞ ነው። የሆቴሉ ግድግዳ ላይ አዞ፣ የባጃጁ ጀርባ ላይ አዞ፣ ቲሸርቱ ላይ አፉን የከፈተ አዞ። ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ ሥራ ስፈልግ የእኔም እንጀራ እሱ ነበር፤ ስንት ጥርስ እንደሳልኩ ፈጣሪ ይወቀው። አንድ ቀን ከሁለት ጓደኞቼ ጋር ሲቀላ ሰፈር አንድ ሻይ ቤት ተቀምጠን ሳለ፣ «እስቲ አዞ የሌለበት ነገር እንሥራ» ተባባልን። አንደኛው የሸማኔ ልጅ ነው፣ ራሱም ይሸምናል። ሌላዋ ከገረሴ ከተማ የመጣች ልጅ ስትሆን አፈር ፈጭታ ቀለም ታወጣለች። የአባያን ውኃ መልክ ከራሱ ከአባያ ዳር ጭቃ አውጥታ ያሳየችን ቀን አፌን ይዤ ቀረሁ። ሥራችንን የምናሳይበት ቦታም ተገኘ፦ ባዶ የሙዝ መጋዘን።

እነሱ የሚሠሩትን ያውቃሉ፤ ግራ የገባኝ እኔ ነበርኩ። ሳወጣ ሳወርድ ትዝ ያለኝ የአክስቴ ቤት ነው።

አባቴ ከሰሜን የመጣ አስተማሪ፣ እናቴ የዶርዜ ልጅ ናት። ልጅ እያለሁ ትምህርት ሲዘጋ ወደ ደጋው፣ የእናቴ ታላቅ እህት ዘንድ እላክ ነበር። ቤቷ ከቀርከሃ ተሠርቶ የእንሰት ቅርፊት የለበሰ፣ የዝሆን ራስ የመሰለ ረጅም ቤት ነው። እንዲህ ያለውን ቤት ምስጥ ከሥሩ ይበላዋል። ያን ጊዜ የተበላው ተቆርጦ ይጣልና ጎረቤት ተጠርቶ ቤቱን እንዳለ አንሥቶ አዲስ ቦታ ያሳርፈዋል። በተዛወረ ቁጥር ቤቱ ያጥራል።

አንዱን ዝውውር አይቻለሁ፤ ያውም ከውስጥ ሆኜ። አጎቴ፣ የአክስቴ ባል፣ ከሰው እግር ሥር እንዳልገባ ብሎ አንገቱ ላይ አስቀመጠኝ። ገሚሱ ከውጭ ገሚሱ ከውስጥ ግድግዳውን ያዘ። «ሆ!» ሲባል ቤቱ ከመሬት ተላቀቀ። ከላይ ጨለማ ነው፤ ከግድግዳው ሥር ግን ዙሪያውን ብርሃን ገባ፤ በዚያ ብርሃን የሚታየው እግር ብቻ ነበር። ጭቃ የነካው እግር፣ የተሰነጣጠቀ ተረከዝ፣ እርጥብ ሣር የሚረግጥ ጣት። ቤታችን እግር አውጥቶ የሚሄድ መሰለኝና አጎቴን ፀጉሩን ጨብጬ በሳቅ ፈነዳሁ። እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

አሁን አጎቴ ካረፈ ቆይቷል። ቤቱም አጥሮ አጥሮ አክስቴ ጎንበስ ብላ ነው የምትገባው። ከዚህ በኋላ ቢቆረጥ መኖሪያ አይሆንም። ልጇ አጠገቡ ቆርቆሮ ቤት ሠራላት፤ እሷ ግን «ከዚህ አልወጣም» አለች። ክረምቱ ሲገባ ላይዋ ላይ ይወድቃል ብለን ሁላችንም ፈርተናል። ቤተዘመዱ በየተራ እየሄደ ለምኗት በየተራ አፍሮ ተመልሷል።

እኔ ስሄድ በሩ ላይ ቁጭ ብላ ጥጥ ትፈትላለች።

«አንቺንም ላኩሽ?» አለችኝ። አክስቴ አማርኛ ስትናገር አንተና አንቺ አይለይላትም። የእኔ ጋሞኛ ከዚያ ስለሚብስ ተራርመን አናውቅም።

«ማንም አልላከኝም። ጥቀርሻ ፈልጌ ነው።»

«ጥቀርሻ ምን ልታደርጊ?»

«ልስልበት።»

«ከተማ ቀለም ጠፋ?» ብላ ከት ብላ ሳቀች። ቆጮ በዳጣ አቀረበችልኝና፣ ከጣሪያው ሥር ጥቀርሻ በቢላ እየፋቅኩ ፌስታል ስሞላ እያየች ራሷን ነቀነቀች። ሽታው የልጅነቴ ሽታ ነው። አጎቴ ናፈቀኝ፤ ዓይኔን ጭሱ ነው ብዬ ጠረግሁ።

ሸማኔው ጓደኛዬ ወፍራም ሸማ ሠርቶ አጋጥሞ ሰፋልኝ። የገረሴዋ ልጅ ለብርሃኑ የሚሆን ቢጫ አፈር ሰጠችኝ። ጥቀርሻውን በሙጫ በጥብጬ ከላይ ጨለማውን፣ ከታች እግሮቹን ሳልኩ። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሲያገኘው ሸማው ጭስ ጭስ መሽተት ጀመረ፤ የመጋዘኑ ጥበቃ እሳት መስሎት ባልዲ ውኃ ይዞ መጣ። ለትንሽ ነው የተረፍነው።

በመክፈቻው ቀን አክስቴን ልጇ ይዟት መጣ። ሌላውን ሥራ ሁሉ አልፋ ሸማው ፊት ቆመች። አሽተት አደረገችው።

«እግር እላይ ምን ይሠራል?» አለች። «አውርዱት፣ መሬት ይንካ።»

እኛ የተማርነው ሥዕል በዓይን ልክ እንዲሰቀል ነው። አወረድነው። ቁጢጥ ብላ በጣቷ ከዳር ጀመረች። «ይሄ የታች ጎረቤቴ ነው፣ አውራ ጣቱ እንዲህ ነበር። ይሄ ወንድሜ፣ ሲሄድ ወደ ውጭ ይከፍታል። ይሄ ደግሞ ሰነፉ፣ ማንሣት ሲባል የሚለግመው።» ሳቅን። መሐል ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። እዚያ ጋ ሣሩ ብቻ ነው ያለው።

«የባሌስ?»

«አንገቱ ላይ ነበርኩ» አልኳት። «የሱን እግር ማየት አልቻልኩም።»

አክስቴ ተነሥታ የላስቲክ ጫማዋን አወለቀችና ባዶው ቦታ ፊት፣ ሸማው ጫፍ ጋ ቆመች። ቤት እንደሚያነሣ ሰው ሁለት መዳፎቿን ወደ ላይ አነሣች። ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለሸማኔው ጓደኛዬ ነው፤ ጫማውን አውልቆ ከጎኗ ቆሞ እጁን አነሣ። የገረሴዋ ልጅ ተከተለች። እኔና ልጇም ገባን። «ሆ!» አለች አክስቴ፣ በቀጭን ድምፅ፤ ምንም ሳንይዝ አብረን አንድ እርምጃ ሄድን።

«እግሩን ልጨምርበት?» አልኳት ጫማዋን ስታጠልቅ።

«ተዪው። ቦታውን እኔ አውቀዋለሁ።» ከዚያ ሸማውን እንደያዘች ወደ ልጇ ዞረች። «ያ ቆርቆሮው ቤት፣ ይሄን የሚችል ግድግዳ አለው?»

«አለው፣ አለው» አለ ልጇ።

«እንግዲያ እዚያ ዝቅ አድርገሽ ስቀይልኝ» አለችው።